በሩን ማን ይዘጋዋል? ስለ ክፍትና ዝግ ፕሮቶኮሎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ንግግሬን በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል በሚደረግ አጭር ምልልስ ልጀምር። አንደኛው ግንኙነት ሲጠይቅ ሌላው «220» በማለት ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ያስታውቃል። ጠያቂው «ሄሎ» ብሎ ስሙን ይናገራል፤ «250» የሚል ምላሽ ሲያገኝ ደብዳቤው ከማን እንደተላከ፣ ከዚያም ለማን እንደሚደርስ ያሳውቃል፤ ለሁለቱም በየተራ «250» ይባላል። ቀጥሎ «ዳታ» ሲል «354» ተብሎ ይፈቀድለትና የደብዳቤውን ቃል መስመር በመስመር ይልካል፤ በአንድ መስመር ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ነጥብ ስትደርስ ደብዳቤው ማብቃቱ ይታወቃል። ይህ ሥርዓት ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆን ፖስቴል በኦገስት 1982 ባወጣው ሰነድ የተደነገገ ሲሆን (በዚህ ንግግር የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬም ኢሜይል ከአንዱ አገልግሎት ሰጪ ወደ ሌላው የሚሻገረው በመሠረቱ በዚሁ ምልልስ ነው።

ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ሰነድ አንብቤ፣ ምንም የኢሜይል ፕሮግራም ሳልጠቀም፣ ቃላቱን በእጄ እየተየብኩ ለራሴ አንድ ደብዳቤ ልኬ ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አይረሳኝም። ከማንም ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ የፈረምኩት ውል፣ የከፈልኩትም ገንዘብ አልነበረም። የሚያስፈልገኝ ነገር በሙሉ በሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበርና። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች እንዲግባቡ የሚያስችለው የጋራ ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል፤ ይህ ደንብ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ የዛሬው ጉዳያችን ነው።

«ክፍት ፕሮቶኮል» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ የታተመ መሆኑን ብቻ እናስባለን። እኔ ግን ሦስት ጥያቄዎች ተነጣጥለው መታየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፦ ሰነዱን ማን ያነባል? በሰነዱ መሠረት ማን ሠርቶ ከሌሎች ጋር ይገናኛል? ነገ ደንቡ ሲለወጥስ የሚለውጠው ማን ነው? አንድ ፕሮቶኮል ለመጀመሪያው ጥያቄ «ማንም» ብሎ መልሶ ለሦስተኛው «አንድ ኩባንያ» ሊል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ፕሮቶኮል ክፍት ነው ወይስ ዝግ? የኢንተርኔትን ታሪክ ባጠናሁ ቁጥር ዕጣውን የሚወስነው ሦስተኛው ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጅምሩ እንይ። በኤፕሪል 1969 ስቲቭ ክሮከር የተባለ ወጣት ተመራማሪ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነውን የአርፓኔት መረብ ግንኙነት የሚመለከት የመጀመሪያውን ሰነድ ሲያወጣ «የአስተያየት ጥያቄ» የሚል ስያሜ ሰጠው። ትእዛዝ ወይም መመሪያ እንዳይመስልበት ሆን ብሎ የመረጠው ትሑት ስም ነው። አርኤፍሲ የሚለው ምህጻረ ቃል ከዚያ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ እነዚህ ሰነዶች ከ9000 በላይ ሆነዋል። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 በጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ አድጎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ዛሬም የኢንተርኔት መሠረት ወደሆነው ደንብ ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲዛወር፣ ደንቡ የማንም የግል ንብረት ስላልነበረ እያንዳንዱ የኮምፒውተር አምራች ያለ ስጋት ሊቀበለው ቻለ።

ስጋት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የጎፈር ታሪክ ያሳያል። ጎፈር በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ መረጃን በዝርዝር እያደራጀ የሚያቀርብ ሥርዓት ነበር፤ ለጊዜውም ከድረ ገጽ የበለጠ ተስፋፍቶ ነበር። ፕሮቶኮሉ በማርች 1993 በአርኤፍሲ 1436 ታትሟል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ይሁንና ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት ከአንዳንድ የሰርቨር ፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ደግሞ የድረ ገጽ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ይሠራበት የነበረው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን የድረ ገጽ ቴክኖሎጂውን ለሕዝብ በነጻ መልቀቁን በጽሑፍ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ጎፈር አላንሰራራም። ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ነገር ግን ዛሬ በነጻ የሚሰጠኝ ሰው ነገ ዋጋ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ የሚል ሐሳብ ያደረበት ገንቢ ሥራውን በዚያ ላይ አይመሠርትም።

ወደ መልእክት መለዋወጫዎች ስንመጣ ታሪኩ ያሳዝናል። በ1999 ማይክሮሶፍት ያወጣው የመልእክት ፕሮግራም ኤኦኤል ከተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ተጠቃሚዎች ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ ነበር። ኤኦኤል ይህን በር በዘጋ ቁጥር ማይክሮሶፍት ሌላ ቀዳዳ እየፈለገ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ለሳምንታት ሲታገሉ ቆዩ። በዚያው ዓመት ጄረሚ ሚለር ጃበር የተባለውን ሥራውን ለሕዝብ አቀረበ፤ ይኸውም ኢሜይል እንደሚሠራው ሁሉ ማንም የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚገናኝበት የፈጣን መልእክት ሥርዓት ነበር። በ2004 ኤክስኤምፒፒ በሚል ስም በአርኤፍሲ ደረጃ ጸደቀ። ጎግል በ2005 ጎግል ቶክን በዚህ ፕሮቶኮል ላይ መሥርቶ ሲያወጣና በቀጣዩ ዓመት ከውጭ ሰርቨሮች ጋር እንዲገናኝ ሲፈቅድ ብዙዎቻችን ጥያቄው ተፈታ ብለን ነበር። ፌስቡክም በ2010 ለመልእክት አገልግሎቱ የኤክስኤምፒፒ መግቢያ ከፈተ። ነገር ግን ጎግል በ2013 ሃንግአውትስን ሲያወጣ ይህን ግንኙነት ትቶት መጣ፤ ፌስቡክም በ2015 መግቢያውን ዘጋ።

እዚህ ላይ ምን እንደተለወጠ ልብ በሉ። ሰነዱ አልተሰረዘም፤ ዛሬም ማንም ሊያነበው፣ ሊሠራበትም ይችላል። የጠፋው በደንቡ ማዶ የነበረው ሰው ነው። ወዳጆቻችሁ በሙሉ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሲኖሩና የቤቱ ባለቤት በሩን ሲዘጋ የመንገዱ ክፍት መሆን ብቻውን አይጠቅማችሁም። ኢሜይልን ከዚህ ዕጣ ያተረፈው በቴክኒክ የተሻለ መሆኑ አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ እጅግ ብዙ በሆኑ ድርጅቶች መካከል ከመከፋፈላቸው የተነሳ ማንኛውም ድርጅት በሩን ቢዘጋ የሚጎዳው ራሱን መሆኑ ነው። እዚህም ቢሆን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ያቆመ ሰው መልእክቶቹ በትልልቆቹ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ እንደ አላስፈላጊ መልእክት እየተቆጠሩ ሲጣሉበት፣ ክፍት ፕሮቶኮል በጥቂቶች እጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል በራሱ ላይ ያየዋል።

ዝግ የሆነው ፕሮቶኮል ሲሞት ደግሞ ከነሙሉ ዓለሙ ይሞታል። በ2003 የተጀመረው ስካይፕ የሚናገርበት ቋንቋ ምስጢር ነበር፤ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን እየፈታቱ ከማጥናት በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በሜይ 2025 አገልግሎቱን ዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ የስካይፕን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ቤት በዓለም ላይ አልቀረም። በአንጻሩ በ2002 በተሻሻለው ሰነድ የተደነገገው ኤስአይፒ የተባለው ክፍት የጥሪ ፕሮቶኮል፣ ስሙን የሚያውቀው ተጠቃሚ ጥቂት ቢሆንም፣ በስልክ ኩባንያዎች መረብ ውስጥ እስካሁን በሥራ ላይ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባኛል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። ከትሬቨር ፔሪን ጋር ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ የሚጠቀምበትን ፕሮቶኮል የቀየሰው ሞክሲ ማርሊንስፓይክ በ2016 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ብዙ ሰርቨሮችን በኅብረት የሚያገናኙ ክፍት ሥርዓቶች ባሉበት ተቸክለው ይቀራሉ ሲል ተከራክሯል። ማስረጃው ከባድ ነው። የፊል ዚመርማን የኢሜይል ምስጠራ ፒጂፒ በ1991 ቢወጣም፣ ዛሬም አብዛኛው ኢሜይል ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያነቡት ተደርጎ፣ አልተመሰጠረም፤ ሁሉም ሰርቨርና ሁሉም ፕሮግራም አብሮ መለወጥ አለበትና። ዋትስአፕ ግን በኤፕሪል 2016 ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ ምስጠራውን አዳርሶ ጨረሰ። ይህን ያደረገው በአንድ እጅ የተያዘ በመሆኑ ነው። ለብዙ ሕዝብ የግል ምስጢር የተገኘውን ይህን ጥበቃ ማሳነስ አልፈልግም። ሆኖም አንድ ልዩነት ሊጤን ይገባል። ምስጠራውን የሚገዛው ደንብ የታተመ፣ በተመራማሪዎች የተመረመረና የተረጋገጠ ነው፤ ዝግ የሆነው መገናኛው ነው። ስለዚህ «ዝግ ሥርዓት ነው የተሳካለት» ከማለት ይልቅ፣ በይፋ የተፈተነ ምስጠራ በዝግ ቤት ውስጥ ፈጥኖ ተተከለ ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

የስትሪሚንግ፣ ማለትም ድምፅና ቪዲዮን በመረብ እየተቀበሉ የማጫወት፣ ታሪክ ከዚህ በእጅጉ ይለያል፤ እዚህ ዝግ ደንቦችን ያሸነፈው ሌላ ክፍት ደንብ ሳይሆን ቀድሞ የተዘረጋው የድረ ገጽ መረብ ነውና። በኋላ ሪልኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ ሪልኦዲዮን በ1995 ሲያወጣ፣ ማይክሮሶፍትም የራሱን ሲከተል፣ እያንዳንዱ የራሱ ሰርቨር፣ የራሱ ማጫወቻና የራሱ ደንብ ነበረው። ማክሮሚዲያ የሠራውና አዶቢ በ2005 ኩባንያውን ሲገዛ የወረሰው አርቲኤምፒ የተባለው ደንብ በብራውዘር ውስጥ ቪዲዮ ከሚያጫውተው ከፍላሽ ፕሮግራም ጋር በየኮምፒውተሩ ገባ። እነዚህ ሁሉ በሰርቨሩና በተመልካቹ መካከል ያልተቋረጠ ልዩ መስመር ይፈልጉ ነበር፤ ስለዚህም መረብን ከውጭ የሚጠብቅ ፋየርዎል በተገጠመበት ሁሉ ይደናቀፉ፣ ተመልካች በበዛ ቁጥርም ብዙ ልዩ ሰርቨር ይጠይቁ ነበር።

አፕል በ2009 ያቀረበው ኤችኤልኤስ ነገሩን በቀላል ዘዴ ፈታው። ቪዲዮው እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰከንዶች በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ይዘጋጃል፤ የቁርጥራጮቹ አድራሻ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይዘረዘራል። ማጫወቻው ዝርዝሩን አንብቦ ቁርጥራጮቹን እንደማንኛውም የድረ ገጽ ፋይል፣ የድረ ገጽ ደንብ በሆነው በኤችቲቲፒ ያወርዳል፤ መስመሩ ሲደክም ዝቅ ያለውን፣ ሲበረታ ከፍ ያለውን ጥራት ይመርጣል። በዓለም ዙሪያ ለድረ ገጽ የተዘረጋው የቅጂ ማከማቻ ሁሉ ያለ ምንም ለውጥ የቪዲዮ ማከፋፈያ ሆነ። ዋጋው መዘግየት ነበር፤ ቁርጥራጮቹ 10 ሰከንድ ሲሆኑና ማጫወቻው ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ሲያከማች፣ የቀጥታ ስርጭት ተመልካች ድርጊቱን የሚያየው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው።

አሁን ሦስቱን ጥያቄዎች ለኤችኤልኤስ እናቅርብለት። ሰነዱ ይነበባል፤ በኦገስት 2017 አርኤፍሲ 8216 ሆኖ ታትሟል። ማንም ይሠራበታል፤ ሠርቶበታልም። የሚለውጠው ግን አፕል ነው፤ አርኤፍሲው የወጣው ለመረጃ ያህል እንጂ በኢንተርኔት መሐንዲሶች ማኅበረሰብ ስምምነት የጸደቀ ደረጃ ሆኖ አይደለም። ውጤቱ በ2019 በግልጽ ታየ። ሌሎች ገንቢዎች መዘግየቱን ለመቀነስ የጋራ ዘዴ እየሠሩ ሳሉ አፕል የራሱን አቀረበ፤ አብዛኞቹ የማከፋፈያ መረቦች ሊያሟሉት የተቸገሩበትን ኤችቲቲፒ/2 ፑሽ የተባለ ባሕርይም ግዴታ አደረገበት። ገንቢዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ አፕልም በቀጣዩ ዓመት ግዴታውን አነሳ። ተቃውሞውን መስማቱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ሰምቶ መለወጡም ሆነ ሳይሰማ መቅረቱ በእርሱ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ በአይኤስኦ በኩል በ2012 የወጣው ዳሽ የተባለው ደረጃ የተወለደው ይህን ጥገኝነት ለማስቀረት ነው፤ የአይፎን ብራውዘር ግን ለራሱ ደንብ ቅድሚያ ስለሰጠ አከፋፋዮች ለዓመታት አንዱን ቪዲዮ በሁለት መልክ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። በኋላ ሲማፍ የተባለው የጋራ ቅርጽ ቁርጥራጮቹን አንድ ሲያደርግ፣ በሁለቱ መካከል የቀረው ዋና ልዩነት የዝርዝር ፋይሉ ሆነ። አርቲኤምፒ በበኩሉ፣ ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ቢቀበርም፣ ከካሜራ ወደ ማሠራጫው ሰርቨር ምስል ለማድረስ ዛሬም ያገለግላል።

በስትሪሚንግ ሁለት ሌሎች በሮች አሉ፤ ሁለቱም ከፕሮቶኮሉ ውጭ ናቸው። አንደኛው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው። በ2013 የወጣው ኤች.265 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ሰነዱ የታተመ ቢሆንም፣ የባለመብቶቹ ክፍያ በተለያዩ ቡድኖች ስለሚጠየቅ ገንቢው ለማን ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅ ቸገረው። በ2015 የተመሠረተው የክፍት ሚዲያ ኅብረት በ2018 ክፍያ የማይጠየቅበትን ኤቪ1ን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው በር ፊልም ያለ ፈቃድ እንዳይገለበጥ የሚያግድ የይዘት መቆለፊያ ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው3ሲ በሴፕቴምበር 2017 ብራውዘር ከመቆለፊያ ጋር የሚነጋገርበትን ደንብ አጸደቀ፤ ለዲጂታል መብቶች የሚሟገተው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ይህን ተቃውሞ ከአባልነት ለቀቀ። መነጋገሪያው ክፍት ነው፤ መቆለፊያዎቹ፣ ማለትም ዋይድቫይን፣ ፌርፕሌይና ፕሌይሬዲ፣ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ብራውዘር የሚሠራ ሰው፣ ሥራው የቱንም ያህል ደረጃውን የጠበቀ ቢሆን፣ የተቆለፉ ፊልሞችን ለማሳየት ከአንድ ኩባንያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆነው የድረ ገጽ ታሪክ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው እላለሁ።

ወደ ደኅንነት ልለፍ፤ በዚህ መስክ ዝግነት በራሱ አደጋ ነው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 እንዳስተማረው፣ የምስጠራ ሥርዓት ከቁልፉ በቀር ሌላው ሁሉ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ አስተማማኝ መሆን አለበት። ይህን ምክር ያልሰሙ ሁሉ ዋጋ ከፍለዋል። ፖሊስና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች በብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ቴትራ የተባለው የሬዲዮ ሥርዓት የምስጠራ ስልተ ቀመሮቹን ከ1990ዎቹ ጀምሮ በምስጢር ይዞ ኖሯል። በ2023 የሆላንድ ተመራማሪዎች ከመሣሪያ ላይ አውጥተው ሲመረምሯቸው፣ ቲኢኤ1 የተባለው 80 ቢት ርዝመት ያለውን ቁልፍ በውስጡ ወደ 32 ቢት እንደሚያሳጥረው አገኙ። 32 ቢት ማለት 4.3 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ ነው፤ አንድ ተራ ኮምፒውተር ሊሞክረው የሚችል ቁጥር። ይህ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታወቀው ጠንካራ ስለነበረ አይደለም፤ እንዲያነበው የተፈቀደለት ገለልተኛ ባለሙያ ስላልነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ስልተ ቀመሮቹን ለሕዝብ ለማውጣት ወሰነ።

ብራውዘርና ድረ ገጽ የሚለዋወጡትን የሚመሰጥረው የቲኤልኤስ ጉዞ ግን ተስፋ ይሰጠኛል። የብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ በ1995 ያወጣው ኤስኤስኤል 2.0 ብዙ ድክመት ነበረበት፤ በ1996 የተከተለው 3.0 ተሻሽሎ ቢመጣም የአንድ ኩባንያ ሥራ ነበር። ደንቡ ወደ ኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል፣ ወደ አይኢቲኤፍ ተዛውሮ በ1999 ቲኤልኤስ ሆነ። በኦገስት 2018 የታተመው ቲኤልኤስ 1.3 አራት ዓመትና 28 ረቂቆች ወስዷል፤ የሒሳብ ተመራማሪዎች ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ድክመቱን እየፈለጉ፣ ጥንካሬውንም በማስረጃ እያረጋገጡ ተሳትፈዋል። አንድ ያልታሰበ እንቅፋትም ገጠመው። በየመሥሪያ ቤቱ የተተከሉ መካከለኛ መሣሪያዎች አዲስ የቅጂ ቁጥር ሲያዩ ግንኙነቱን ያቋርጡ ስለነበር፣ ቲኤልኤስ 1.3 በድሮው ቦታ ላይ ራሱን 1.2 ብሎ ይጠራል፤ እውነተኛ ቁጥሩንም በሌላ ክፍል ይገልጻል። ክፍት ደንብ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ቢሆንም፣ በግምት የተሠሩ መሣሪያዎች እንቅስቃሴውን እንዴት ሊያስሩት እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ክፍትነት ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። ኸርትብሊድ የተባለው ስሕተት ማንም ሊያነበው በሚችለው፣ ቲኤልኤስን በሥራ ላይ በሚያውለው ኦፕንኤስኤስኤል ፕሮግራም ውስጥ ከ2012 እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ሳይታይ ተቀምጧል። የመረብን ግማሽ የሚጠብቀውን ፕሮግራም የሚንከባከቡት ጥቂት ሰዎች ሆነው ሳለ ሌሎቻችን ሁሉ ሌላው ያነበዋል ብለን ስለተኛን ነው። ዱዋል ኢሲ የተባለው የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫም በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2006 በይፋ ወጥቶ ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የታተመ በመሆኑ ዳን ሹሞውና ኒልስ ፈርጉሰን በቀጣዩ ዓመት የድብቅ በር ሊኖረው እንደሚችል በአደባባይ አሳዩ፤ በ2014ም ከደረጃው ወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌዬ ሳይክ ነው። ተቋሙ የኳንተም ኮምፒውተርን የሚቋቋም ምስጠራ ለመምረጥ በ2016 ለዓለም ጥሪ አቀረበ፤ ሳይክ ለዓመታት ማጣሪያዎቹን አልፎ በጁላይ 2022 ወደ አራተኛው ዙር ገባ። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው ዎውተር ካስትሪክና ቶማስ ደክሩ የተባሉ የቤልጅየም የሒሳብ ሊቃውንት በአንድ የኮምፒውተር አንጎለ ኮር በአንድ ሰዓት ገደማ ሰበሩት። ከአንድም ተጠቃሚ ላይ ምስጢር ሳይወጣ፣ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ወደቀ። በዝግ ቤት ቢሠራ ኖሮ ዛሬ በየስልካችን ውስጥ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ሦስቱ መስኮች በአንድ ጥያቄ ላይ እየተገናኙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ በ7ኛው አንቀጹ፣ «በር ጠባቂ» ተብለው የተሰየሙ የመልእክት አገልግሎቶች ሌሎች አገልግሎቶች ሲጠይቋቸው እንዲገናኙ ያስገድዳል፤ በዚህ ሥር የወደቁት ዋትስአፕና ሜሴንጀር ናቸው። መጀመሪያ የሁለት ሰዎች የጽሑፍ መልእክት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የቡድን መልእክት፣ በአራት ዓመት ውስጥ ጥሪ መከፈት አለባቸው፤ የምስጠራው ጥበቃም መቀነስ የለበትም። ይህን በቴክኒክ የሚያስችል አንድ መሣሪያ ደርሷል፤ በጁላይ 2023 አርኤፍሲ 9420 ሆኖ የታተመው ኤምኤልኤስ የቡድኑን ቁልፎች በዛፍ ቅርጽ ስለሚያደራጅ፣ አንድ አባል ቁልፉን ሲለውጥ የሚደረገው ሥራ ከአባላቱ ቁጥር ጋር እኩል አያድግም፤ ሺህ አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ እንኳ ዛፉ ከቅርንጫፍ እስከ ሥሩ አሥር ያህል እርከን ብቻ ነውና።

ያልተፈታው የስምና የማንነት ጉዳይ ነው። ከሌላ አገልግሎት የመጣ ሰው የምናውቀው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥልን ማን ነው? ቁልፉን ከማን መዝገብ እናነባለን? መዝገቡ በአንድ ኩባንያ እጅ ከሆነ፣ ምስጠራው ምንም ቢጠነክር፣ የተሳሳተ ቁልፍ ሊሰጠን የሚችለው ያው ኩባንያ ነው። ሚሚ የተባለው የአይኢቲኤፍ የሥራ ቡድን በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው በአገልግሎቶች መካከል የሚደረገው ግንኙነት በምን ደንብ እንደሚመራ ነው። ረቂቆቹ ለማንም ይነበባሉ፤ አስተያየት ለመስጠትም አባልነት፣ ክፍያ ወይም የኩባንያ ውክልና አይጠየቅም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ምስጠራን የምታጠኑ፣ የመልእክት ሥርዓት የምትገነቡ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁና፣ ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ረቂቆቹን እንድታነቧቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።